የኮሌክሽን ክስ ሜሪላንድ ውስጥ ሲደርሳችሁ፦ ከመጥሪያው እስከ መዝገቡ መዘጋት

«ከፍርድ ቤት ወረቀት መጣልኝ፤ ምን ላድርግ?» ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዱ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከቦርሳው አጥፎ ያወጣዋል። ቀኑን ሳየው ብዙ ጊዜ ወር አልፎታል። ለሁሉም በየተራ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

መመሪያው ሜሪላንድ ውስጥ በኮሌክሽን፣ ማለትም ባልተከፈለ ዕዳ፣ በዲስትሪክት ኮርት ለተከሰሳችሁ ነው። ዲስትሪክት ኮርት እስከ 30,000 ዶላር የሚደርስ ክስ ያያል። 5,000 ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ «ስሞል ክሌም» ይባላል፣ አካሄዱም ቀለል ይላል። ዕዳው የክሬዲት ካርድ፣ የሆስፒታል፣ የስልክ ወይም ባንክ መልሶ የወሰደው መኪና ቀሪ ሂሳብ ሊሆን ይችላል። ሌላ ስቴት ያላችሁ መጨረሻው ላይ ለእናንተ የጻፍኩትን እዩ፤ የቀን ገደቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ወረቀት አነባለሁ፣ ሰው አጅቤ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። ገንዘቡ ከበድ ካለ ወይም ቤት ካላችሁ ጠበቃ አማክሩ። አቅም ለሌለው ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ አለ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የእርዳታ ማዕከል ደግሞ በስልክም በአካልም በነጻ ያማክራል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• መጥሪያው፣ ክሱና አብረው የመጡት ወረቀቶች በሙሉ፤ ፖስታው ጭምር
• የቀን መቁጠሪያ
• የድሮ የካርድ ወይም የብድር ደብዳቤዎች፣ የከፈላችሁበት የባንክ ስቴትመንት
• የክሬዲት ሪፖርት፤ በዓመታዊው የክሬዲት ሪፖርት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል
• የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ቼክ ጉርድ
• አንድ ፎልደርና ማስታወሻ ደብተር፤ ማን ደወለ፣ መቼ፣ ምን አለ የሚለውን የምትጽፉበት

ደረጃ 1፦ ፖስታውን ዛሬ ክፈቱና የደረሰበትን ቀን ጻፉ

መልስ የመስጫው ጊዜ የሚቆጠረው መጥሪያው ከደረሰበት ቀን ነው፤ እናንተ ካነበባችሁት ቀን አይደለም። መጥሪያው በሸሪፍ፣ በግል አድራሽ ወይም በሰርቲፋይድ ሜይል (ፈርማችሁ በምትረከቡት ፖስታ) ሊመጣ ይችላል። እናንተ ከሌላችሁ ደግሞ አብሯችሁ ለሚኖር ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው መስጠት ይበቃል። ይህ የእኛን ሰው በጣም ይጎዳል፤ አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሆነን ነዋ የምንኖረው።

አንዲት የማውቃት እናት በጠዋት በሩ ሲንኳኳ ወረቀቱን ለልጃቸው ተቀበሉ። ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከሱፐርማርኬት ኩፖኖች ጋር አስቀመጡት። ልጁ ማታና ቅዳሜ ይሠራል። ወረቀቱን ያገኘው ቤት ሲያጸዳ ነው፤ ያኔ ተፈርዶበት ነበር። ስለዚህ ቤታችሁ ላለው ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ንገሩ፦ በስሜ ወረቀት ከመጣ ፎቶ አንስታችሁ ወዲያው ላኩልኝ።

ደረጃ 2፦ ክሱ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ

የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች «ኬዝ ሰርች» የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አላቸው። ስማችሁን ወይም መጥሪያው ላይ ያለውን የመዝገብ ቁጥር አስገቡ። ከሳሹ ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደጠየቀና ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ይወጣል። ስማችሁን በየአጻጻፉ ሞክሩት። የአባታችሁ ስም በአንድ ቦታ በአንድ «ኤስ»፣ በሌላ ቦታ በሁለት ሊጻፍ ይችላል።

ይህ ደረጃ የሚጠቅመው በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ አጭበርባሪ ይለይላችኋል። ስልክ ደውሎ «ዛሬ ካልከፈልክ ፖሊስ ይመጣል» የሚል ወይም በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚል ሰው ሌባ ነው። እውነተኛ ዕዳ ሰብሳቢም ቢሆን በእስር ማስፈራራት በፌዴራል ሕግ ተከልክሎበታል። ከጠዋቱ 8 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላም መደወል አይችልም፤ ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ሁለተኛ፣ ያላወቃችሁት ሌላ መዝገብ ካለ እዚያው ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 3፦ በ15 ቀን ውስጥ ለመከራከር ማሰባችሁን አሳውቁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ልትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ከመጥሪያው ጋር «ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንሽን ቱ ዲፌንድ» የሚል ቅጽ አለ። ትርጉሙ «ለመከራከር አስቤያለሁ» ማለት ነው። መጥሪያው በደረሰ በ15 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤቱ ዘንድ መድረስ አለበት። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ።

ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? የኮሌክሽን ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ ክሱን ከቃለ መሐላ ጋር ያስገባሉ። እናንተ ዝም ካላችሁ ዳኛው ወረቀቱን ብቻ አይቶ ሊፈርድ ይችላል። ምስክር አይጠራም፣ ጥያቄ አይጠየቅም። ቅጹን ካስገባችሁ ግን ከሳሹ ችሎት ቀርቦ ማስረዳት ይኖርበታል።

አሠራሩ ይህ ነው፦

ሀ. የመዝገብ ቁጥሩን ከመጥሪያው ላይ ገልብጡ።

ለ. ምክንያታችሁን በአጭሩ ጻፉ። «ገንዘቡ ልክ አይደለም»፣ «ይህን ኩባንያ አላውቀውም»፣ «ከፍያለሁ»፣ «ዕዳው ሦስት ዓመት አልፎታል» ማለት ይበቃል። እውነቱን ብቻ ጻፉ።

ሐ. አሁን የምትኖሩበትን አድራሻና ስልክ ጻፉ፣ ፈርሙ።

መ. ኮፒ አስቀሩ።

ሠ. መጥሪያው ላይ ወዳለው ፍርድ ቤት ራሳችሁ ውሰዱት። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሮክቪል፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ከሆነ ሃያትስቪል ወይም አፐር ማርልቦሮ ሊሆን ይችላል። ክፍያ የለውም። ኮፒያችሁ ላይ ማኅተም አስመቱ።

በፖስታ መላክም ይቻላል። እኔ ግን በእጅ ውሰዱ እላለሁ፤ ማኅተም ያለበት ኮፒ በኋላ «አልደረሰንም» ሲባል አፍ ያስይዛል።

«ዕዳው የእኔ ነው፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» የሚሉኝ አሉ። ዕዳው የእናንተ ሆኖም መጠኑ ሊሳሳት ይችላል። ወለዱና የጠበቃው ወጪ ተደምሮ እጥፍ የሆነ አይቻለሁ። መከራከር ማለት መካድ ማለት አይደለም። «አስረዱኝ» ማለት ነው።

15 ቀኑ አልፏችኋል? ቢሆንም አስገቡ። ቀጠሮው ቀንም ቅረቡ። ፍርድ እስካልተሰጠ ድረስ በር አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለኮሌክሽኑ ጠበቃ ደውሎ መነጋገር ለፍርድ ቤት መልስ መስጠት አይደለም። በስልኩ የሚያናግራችሁ ሰው «ችግር የለም፣ እንነጋገራለን» ቢላችሁ እንኳ 15 ቀኑ መቁጠሩን ይቀጥላል።

ደረጃ 4፦ አስተርጓሚ ጠይቁ

አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣል፣ አማርኛም አለ። ቅጹ «ሲሲ ዲሲ 041» ይባላል። ከቀጠሮው ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት፤ ስለዚህ ከደረጃ 3 ቅጽ ጋር በአንድ ጉዞ አስገቡት። እንግሊዝኛ እችላለሁ የምትሉም አስቡበት። ሥራ ቦታ የምንናገረው እንግሊዝኛና የችሎት እንግሊዝኛ ይለያያሉ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የእናቱን ዕዳ ዳኛ ፊት ሲያስረዳ ማየት ያማል፤ ቃሉንም አያውቀውም።

ደረጃ 5፦ የከሳሹን ወረቀት ሦስት ጥያቄ ጠይቁት

የማን ነው? ከሳሹ ብዙ ጊዜ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ አይደለም። ዕዳውን በርካሽ የገዛ ኩባንያ ነው። በሜሪላንድ ሕግ እንዲህ ያለው ገዢ ዕዳው መኖሩን፣ የውሉን ቃልና ዕዳው ከመጀመሪያው ባንክ አንስቶ እጅ በእጅ እንዴት እሱ ዘንድ እንደደረሰ በሰነድ ማሳየት አለበት። ባንኩ ለ«ሀ» ሸጠ፣ «ሀ» ለ«ለ» ሸጠ እያለ ሰንሰለቱ መያያዝ አለበት። በመካከል አንድ ወረቀት ከጎደለ ለዳኛው ንገሩ። ዕዳ ሰብሳቢው በሜሪላንድ ፈቃድ ሊኖረውም ይገባል። ፈቃዱን «ኤንኤምኤልኤስ» በሚባለው የሕዝብ መፈለጊያ ወይም የስቴቱን የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመጠየቅ ማየት ይቻላል።

ስንት ነው? ዋናው፣ ወለዱና ቅጣቱ ተለያይተው መታየት አለባቸው። ስቴትመንታችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ አመሳክሩ። የከፈላችሁት ያልተቀነሰ ካለ አክብቡበት።

ዕድሜው ስንት ነው? ሜሪላንድ ውስጥ በተለመደ ውል ዕዳ መክሰስ የሚቻለው በ3 ዓመት ውስጥ ነው። የዕቃ ሽያጭ ውል ከሆነ 4 ዓመት ነው። ጊዜው በአብዛኛው የሚቆጠረው መክፈል ካቋረጣችሁበት ወቅት ነው። ያለፈበት ከሆነ ቅጹ ላይም ችሎት ላይም ራሳችሁ አንሱት፤ ካላነሳችሁት ሊታለፍ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ «20 ዶላር ብቻ ላኩ፣ እናቆየዋለን» ሲሏችሁ ቀኑን ሳትቆጥሩ እሺ አትበሉ። 3 ዓመቱ ካለቀ በኋላ መክፈል ሜሪላንድ ውስጥ የሞተውን ዕዳ አያስነሳውም። ገና ሳያልቅ ዕዳውን ማመን ግን ቆጠራውን እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል።

ደረጃ 6፦ የምትስማሙ ከሆነ በወረቀት ተስማሙ

የቀጠሮው ዕለት ኮሪደሩ ላይ ስማችሁን የሚጠራ ሰው ይኖራል። ፎልደር አቅፎ፣ ፈገግ ብሎ ይመጣል። ብዙ ሰው የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ይመስለዋል። አይደለም፤ የከሳሹ ጠበቃ ነው። መነጋገር ክፋት የለውም፤ ጥሩ ቅናሽም ይገኛል። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱ «ኮንሰንት ጀጅመንት» ይል እንደሆነ እዩ። እሱን ፈረማችሁ ማለት ፍርዱን ራሳችሁ ተቀበላችሁ ማለት ነው። አንድ ክፍያ ካሳለፋችሁ ከሳሹ ደመወዛችሁን ወደ ማስያዝ መሄድ ይችላል። የምትፈልጉት ከፍላችሁ ስትጨርሱ ክሱ የሚዘጋበትን ስምምነት ነው።

በወር የምትከፍሉትን ስትወስኑ የቤት ኪራዩን፣ ለሀገር ቤት የምትልኩትንና ዕቁቡን ቀንሳችሁ አስሉ። ይሉኝታ ይዟችሁ የማትችሉትን አትፈርሙ።

ደረጃ 7፦ ችሎት ቅረቡ

ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ሰነዱን በሦስት ኮፒ ያዙ፦ ለዳኛው፣ ለከሳሹ፣ ለእናንተ። ስትጠሩ አጭር ተናገሩ። የዕዳውን ታሪክ ከሥራ መፈታት ጀምሮ መተረክ አያስፈልግም። ዳኛው የሚወስነው ከሳሹ አስረድቷል ወይስ አላስረዳም በሚለው ላይ ነው። ከደረጃ 5 ያገኛችሁትን ክፍተት በቀጥታ አሳዩ።

ደረጃ 8፦ ከተፈረደባችሁ ቀን ቁጠሩ፣ ንብረታችሁን ጠብቁ

ፍርዱን ለማስፈጸም ከሳሹ በመጀመሪያ 10 ቀን መጠበቅ አለበት። ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ዳኛው ፍርዱን እንዲያሻሽል ወይም እንዲያነሳ መጠየቂያው ጊዜም 30 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በሩ በጣም ይጠባል፤ ማጭበርበር፣ ስሕተት፣ የአሠራር ጉድለት ወይም መጥሪያው ጭራሽ አለመድረሱን ማሳየት ያስፈልጋል። ፍርዱ ለ12 ዓመት ይጸናል፣ ሊታደስም ይችላል። መደበኛው ወለድ በዓመት 10 በመቶ ነው። «ይረሱታል» ብሎ መተው ዋጋው ይህ ነው።

ደመወዝ። ከሳሹ ለአሠሪያችሁ ትእዛዝ ያስልካል፤ ጋርኒሽመንት የሚባለው ይህ ነው። ግብርና ሌሎች በሕግ የሚቆረጡት ከወጡ በኋላ ከሚቀረው 75 በመቶው አይነካም። ወይም የስቴቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ30 ተባዝቶ የሚመጣው አይነካም። ከሁለቱ የሚበልጠው ለእናንተ ይቀራል። ዝቅተኛው ክፍያ 15 ዶላር ሲሆን በሳምንት 450 ዶላር ማለት ነው። በሳምንት 800 ዶላር የሚደርሰው ሰው 600 ይቀርለታል፣ 200 ይያዛል። 480 የሚደርሰው ግን 450 ይቀርለታል፣ የሚያዘው 30 ብቻ ነው። ሂሳቡን በቼካችሁ ላይ ራሳችሁ ሥሩት፤ የሥራ ቦታ ሒሳብ ክፍል ይሳሳታል። በአንድ ዕዳ ጋርኒሽመንት ምክንያት ከሥራ ማባረር በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

ባንክ። ይህ ነው ድንገተኛው። ጠዋት ነዳጅ ልትቀዱ ስትሉ ካርዳችሁ እምቢ ይላል። ገንዘቡ ታግዷል እንጂ ገና አልተወሰደም። ሜሪላንድ እስከ 6,000 ዶላር እንድታስጠብቁ ትፈቅዳለች፤ ግን ካልጠየቃችሁ አታገኙትም። መጠየቂያው «ሞሽን ፎር ሪሊዝ ኦፍ ፕሮፐርቲ» የሚለው፣ ቁጥሩ «ዲሲ ሲቪ 036» የሆነ ቅጽ ነው። ገንዘቡ ከታገደ በ30 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤቱ ዘንድ መድረስ አለበት። ስንት ሰው «ባንኩ ዘጋብኝ» ብሎ ባንኩን ሲለማመጥ 30 ቀኑ አልፎታል! ባንኩ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም። ፍርድ ቤት ሂዱ።

የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ በቀጥታ የሚገባበት ሂሳብ ከሆነ ባንኩ ራሱ የሁለት ወሩን ገቢ ነጻ ማድረግ አለበት። እናትና አባታችሁ ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ) የሚቀበሉ ከሆነ ገንዘባቸው ለብቻው በራሳቸው ሂሳብ ይሁን። የባልና ሚስት የጋራ ሂሳብ ደግሞ ከፍርዱ በፊት የተከፈተ ከሆነ፣ ዕዳው የአንዳቸው ብቻ ሲሆን በአብዛኛው አይያዝም። ከወንድም ወይም ከእናት ጋር የተከፈተ የጋራ ሂሳብ ግን እንዲህ ያለ ከለላ የለውም። ለእናት ቼክ ለማስገባት ተብሎ የልጅ ስም የተጨመረበት ሂሳብ ብዙ ቤት አለ። ዛሬ ተመልከቱት።

ጥያቄ። ከፍርዱ 30 ቀን በኋላ ከሳሹ «የት ትሠራለህ፣ ምን አለህ» ብሎ በመሐላ ሊጠይቃችሁ በፍርድ ቤት ያስጠራችኋል። «ኦራል ኤግዛም» ይባላል። በዚህ ቀን አትቅሩ። በዕዳ አትታሰሩም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አክብሮ አለመቅረብ ግን መያዣ ያስወጣል። ሰው «በክሬዲት ካርድ ታሰረ» ሲባል የምትሰሙት ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ቤት። ፍርዱ ከዲስትሪክት ኮርት በላይ ባለው በሰርኪት ኮርት ከተመዘገበ ቤታችሁ ላይ እንደ ዕግድ ይቀመጣል። ስትሸጡ ወይም ሪፋይናንስ (የቤቱን ብድር በአዲስ ብድር መተካት) ስትሉ ይወጣል።

ደረጃ 9፦ ከፍላችሁ ስትጨርሱ መዝገቡን አዘጉ

ከሳሹ ዕዳው መከፈሉን ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ «ሳቲስፋክሽን» ይባላል። የመጨረሻውን ክፍያ ስትልኩ ይህን በደብዳቤ ጠይቁ። ከወር በኋላ ኬዝ ሰርች ላይ ገብታችሁ እዩ። ካልተጻፈ የክፍያ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ፍርድ ቤቱ እንዲጽፈው ማመልከት ትችላላችሁ። ደረሰኙን አትጣሉት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

• አድራሻ ቀይሮ ለፍርድ ቤት አለማሳወቅ። ቀጠሮው ወደ ድሮው ቤት ይሄዳል።

• ሰርቲፋይድ ሜይል አልቀበልም ማለት። ክሱ በዚህ አይቀርም፤ በሌላ መንገድ ያደርሱታል፣ እናንተ ግን ምን እንደተባለ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

• ከተከሰሱ በኋላ ገንዘብ ወደ ጓደኛ ሂሳብ ማዛወር። በመሐላ ስትጠየቁ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

• የመጀመሪያውን የኮሌክሽን ደብዳቤ መጣል። ደብዳቤው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ «አስረዱኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ከጠየቃችሁ ማስረጃ እስኪልኩ መሰብሰብ ማቆም አለባቸው። ይህ ግን ከፍርድ ቤት መጥሪያ በፊት ለሚመጣው ደብዳቤ እንጂ ለመጥሪያው መልስ አይሆንም።

ሌላ ስቴት ላላችሁ

ቨርጂኒያ፦ የሚመጣው ወረቀት «ዋራንት ኢን ዴት» ይባላል። «ዋራንት» የሚለውን አይታችሁ አትደንግጡ፤ የመያዣ ትእዛዝ ሳይሆን የዕዳ ክስ ነው። ዋናው ነገር ወረቀቱ ላይ ባለው ቀን መቅረብ ነው።

ቴክሳስ፦ በጀስቲስ ኮርት መልስ መስጫው 14 ቀን ነው። ለተለመደ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ደመወዝ አይያዝም፤ ባንክ የገባ ገንዘብ ግን ሊያዝ ይችላል።

ሚኒሶታ፦ ክሱ ፍርድ ቤት ሳይመዘገብ እናንተ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ዋሽንግተን ስቴትም እንዲሁ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ግን የኮሌክሽን ኩባንያ ክሱን ፍርድ ቤት ሳያስመዘግብ ማድረስ አይችልም። ስለዚህ ሚኒሶታ ውስጥ የመዝገብ ቁጥር የለውም ብላችሁ «ውሸት ነው» እንዳትሉ። በሚኒሶታ 21 ቀን፣ በዋሽንግተን 20 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ትሰጣላችሁ። መልሱን ለከሳሹ ጠበቃ ላኩ፣ የላካችሁበትንም ማረጋገጫ ያዙ።